ሴድና፦ ኔፕቱን የማይደርስባት፣ ፀሐይም ያልለቀቀቻት

ሰማይ_ጠገብ፦

ሰላም ጓዶች። ሰሞኑን ስለ ሴድና ማንበብ ጀምሬ ራሴን ሊያዞረኝ ነው። እስቲ የምታውቁ አብራሩልኝ።

ለማያውቃት በአጭሩ፦ ሴድና ከኔፕቱን ማዶ የምትዞር ቀይ የበረዶ አካል ናት። ማይክ ብራውን፣ ቻድ ትሩሂዮና ዴቪድ ራቢኖዊትዝ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2003 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የፓሎማር ኦብዘርቫቶሪ አገኟት። ለዓለም የተነገረው በማርች 2004 ነው። ስሟን ያገኘችው በኢንዊት ሕዝብ አፈ ታሪክ የአርክቲክ ባሕር ወለል ላይ ከምትኖረው አምላክ ነው።

ርቀቱን በኤዩ እጽፋለሁ። አንድ ኤዩ ማለት ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት ነው፤ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ኔፕቱን 30 ኤዩ ላይ ነው። ሴድና ለፀሐይ ቀረበች በምትባልበት ጊዜ እንኳ 76 ኤዩ ላይ ናት። ስትርቅ ደግሞ 900ን አልፋ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አንዱ ቦታ ፀሐይን አንዴ ለመዞር 11,400 ዓመት ይፈጅባታል ይላል። ሌላው ከ12,000 በላይ ያደርሰዋል። ሌላው ደግሞ ወደ 10,500 ያወርደዋል። የሺህ ዓመት ልዩነት እንዴት ይፈጠራል? ማንን ልመን?

ሁለተኛ፣ ምህዋሯ የተለጠጠ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ጅራታም ከዋክብትም እኮ እንደዚያው ናቸው። ታዲያ ሴድና ላይ ይህ ሁሉ ጫጫታ ለምንድን ነው?

---

የኬፕለር_ልጅ፦

የመጀመሪያውን ለእኔ ተውልኝ።

ችግሩ ያለው ፀሐይ ላይ ነው። ፀሐይን አንድ ቦታ ተተክላ የቆመች አድርገን እናስባታለን እንጂ እሷም ትንቀሳቀሳለች። በተለይ ጁፒተር ወዲያና ወዲህ ይጎትታታል። በሱ ምክንያት ብቻ በሰከንድ 13 ሜትር ገደማ ትወዛወዛለች። ሴድናም ሆነች ሌላው ሩቅ አካል በትክክል የሚዞረው ፀሐይን ሳይሆን ፀሐይና ፕላኔቶቹ በጋራ ያላቸውን የክብደት ማዕከል ነው።

13 ሜትር ምን አላት ትል ይሆናል። ሴድና አሁን የምትጓዘው በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ርቀት ላይ ሆና ከፀሐይ ስበት ለማምለጥ የቀራት ጥቂት ስለሆነ ፍጥነቷ ላይ የምትጨመር ወይም የምትቀነስ ትንሽ ነገር ምህዋሯን በጣም ታስረዝማለች ወይም ታሳጥራለች። እኔ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ በሰከንድ 13 ሜትር ስታዛባ የዑደቱ ጊዜ በአንድ ሺህ ዓመት አካባቢ ይዛባል። ያየኸው ልዩነት ይኸው ነው። ፍጥነቷ የተለካው ከፀሐይ አንጻር ከሆነ መልሱ ጁፒተር በዚያ ቀን የት እንደነበረ ይወሰናል። ከጋራው ማዕከል አንጻር ከሆነ ግን መልሱ ረግቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ 11,400ን እመን። የምህዋሯ አማካይ ርቀት 506 ኤዩ ገደማ ነው። የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ቀላል ናት፤ ርቀቱን በኤዩ ውሰድና ሦስት ጊዜ በራሱ አባዛው፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፤ የሚወጣው የዑደቱ ጊዜ በዓመት ነው። 506 × 506 × 506 ወደ 129.5 ሚሊዮን ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 11,380 አካባቢ ነው። ካልኩሌተር ያለው ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል።

---

ማሂ_ዜድ፦

ይቅርታ፣ እኔ ይህን ነገር መቼም አምኜ አላውቅም። ሴድና ከተገኘች ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው። ሃያ ዓመት አይተው የ11,400 ዓመት መንገድ ይነግሩናል? ከመንገዱ አንድ በመቶ እንኳ አላዩም እኮ!

---

ነቢ_ሌንስ፦

ማሂ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ግን ምህዋር ለማወቅ መንገዱን ሁሉ ማየት አያስፈልግም። አንድ አካል አሁን የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት ወዴት እንደሚሄድ በትክክል ካወቅሽ የቀረውን የፀሐይ ስበት ይወስነዋል።

አገኛኘቷን ቀረብ ብለሽ ብታዪው ደስ ይልሻል። ያን ሌሊት በፓሎማር የተነሱት ሦስት ፎቶዎች ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 3.1 ሰዓት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዲት ነጥብ 4.6 የቅስት ሰከንድ ብቻ ፈቀቅ አለች። የቅስት ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። እዚህ ግባ የሚባል እንቅስቃሴ አይደለም። ግን ርቀቷን የነገራቸው ይሄ ማነሱ ነው።

ምክንያቱም ፈቀቅ ያልነው በዋናነት እኛ ነን። መኪና ውስጥ ሆነሽ በመስኮት ስታዪ የመንገዱ ዳር ምሰሶ ሽው ብሎ ያልፋል፣ ሩቅ ያለው ተራራ ግን የቆመ ይመስላል አይደል? እንደዚያው ነው። መሬት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በ3.1 ሰዓት 330,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጉዛለች። 90 ኤዩ ላይ የቆመ ነገር ቢኖር በዚህ ምክንያት 5 የቅስት ሰከንድ ያህል የተንቀሳቀሰ ይመስለናል። ሴድና ራሷም በዚያው አቅጣጫ በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትሄድ ትንሽ ይቀነስለታል። ቀንሺው፣ ወደ 4.6 ትጠጊያለሽ። በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ "ይቺ ነገር ከፕሉቶ እጅግ ትርቃለች" ለማለት ይሄ ይበቃል።

ቅርጹን በትክክል ለማወቅ ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ልክ ነሽ። ለዚህ የረዳው የድሮ ፎቶ ነው። ማን እንደሆነች ሳይታወቅ ቀድማ የተነሳችባቸው ምስሎች ከመዝገብ ተገኙ፤ እስከ 1990 ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ላይ ከ15 ዲግሪ በላይ ተጉዛለች። ይህ ጥሩ ቁራጭ ነው። ያውም ፍጥነቷ ከፍ ያለበት ቁራጭ።

---

ጆ_ፍላሽ፦

ስሙኝማ፣ መሬትን ልትመታ ትመጣለች፣ ኒቢሩ እያሉ የሚያስፈራሩን ይህቺው ናት እንዴ? 2076 ላይ ትመጣለች ሲባል ሰምቼ ነበር 😅

---

የኬፕለር_ልጅ፦

ጆ፣ ተረጋጋ 😄 2076 ላይ ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ነጥብ ትደርሳለች። "በጣም ቀረበች" ማለት 76 ኤዩ ነው። ከኔፕቱን ርቀት ሁለት ተኩል እጥፍ። ለመቅረብ እንኳ አትቀርብም።

---

ሶስና_ኤስ፦

ሰማይ_ጠገብ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ ልምጣ። የነገሩ እምብርት እዚያ ነውና።

ሁሉም ሰው የሚደነቀው በ900 ኤዩው ነው። እኔን የሚገርመኝ 76ቱ ነው። ብዙ ርቀው የሚሄዱ አካላት አሉ፤ ሲመለሱ ግን ወደ ኔፕቱን ሰፈር ይመለሳሉ። ከኔፕቱን ማዶ ያለችውን ኤሪስን ውሰድ። እስከ 97 ኤዩ ትርቃለች፣ ስትመለስ ግን 38 ትደርሳለች። እንዲህ ዓይነቶቹን ወደ ውጭ የወረወራቸው ኔፕቱን ነው ብንል ያስኬዳል። የስበት ሕግ አንድ ግዴታ አለው፦ አንድ ቦታ ላይ ከተወረወርክ ምህዋርህ መልሶ እዚያው ቦታ ያደርስሃል። የጅራታም ከዋክብት ነገርም ይኸው ነው። የተለጠጠ መንገድ አላቸው፣ ግን ወደ ፕላኔቶቹ መሃል ይገባሉ።

ሴድና ግን አትገባም። ምህዋሯ እንዲህ እስኪለጠጥ የሆነ ኃይል ወርውሯታል። የወረወራት ቦታ ግን በመንገዷ ላይ የለም። ከ76 ኤዩ በታች ስለማትቀርብ ኔፕቱን ምንም ሊያደርጋት አይችልም። ስለዚህ ከተወረወረች በኋላ ሌላ ነገር ቅርቡን ነጥቧን ጎትቶ አውጥቶታል ማለት ነው።

ያ "ሌላ ነገር" ምንድን ነው? የዛሬዎቹ ከዋክብት አይሆኑም። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ፣ 268,000 ኤዩ ላይ ነው። የጋላክሲያችን አጠቃላይ ስበትም አይሆንም። እሱ የሚሠራው በሺዎች ኤዩ ርቀው በሚሄዱት ላይ ነው፤ ለሱ ደግሞ ሴድና በጣም ቅርብ ናት። አየህ አይደል? ለኔፕቱን በጣም ሩቅ፣ ለጋላክሲው በጣም ቅርብ። ዛሬ ባለው ሁኔታ ማንም አይነካትም። ምህዋሯ በጥንት ጊዜ የተሠራ ነው፣ ከዚያም እንዳለ ተቀምጧል።

ብዙ ሰው የሚወደው ማብራሪያ ፀሐይ ስትወለድ ብቻዋን አልነበረችም የሚለው ነው። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከብዙ እህት ከዋክብት ጋር በአንድ መንጋ ውስጥ ተወለደች። ያኔ አንዱ ኮከብ በመቶዎች በሚቆጠር ኤዩ ርቀት ላይ ሽው ብሎ አልፎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ማለፍ የሴድናን ዓይነት ምህዋር ሊሠራ እንደሚችል በ2004 የወጡ ስሌቶች አሳይተዋል። እንዲያውም ሴድና የኛ ልጅ ሳትሆን ከዚያ አላፊ ኮከብ የተነጠቀች ልትሆን ትችላለች የሚል ሐሳብም ያኔውኑ ቀርቧል። እኔ ለመጀመሪያው አደላለሁ። የመነጠቁ ሐሳብም አይከፋም፣ ግን ብዙ ነገር መገጣጠም ይኖርበታል።

---

ጥርጥር_አያልቅም፦

ፕላኔት ዘጠኝን ረሳሻት እኮ ሶስና!

ኮንስታንቲን ባቲጊንና ያው ማይክ ብራውን በ2016 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ከመሬት ብዙ እጥፍ የምትከብድ ያልታየች ፕላኔት አለች፣ የሩቅ አካላቱን ምህዋር ወደ አንድ ወገን የሰበሰበችው እሷ ናት ይላል። የሴድናንም 76 ኤዩ ታብራራለች። በተጨማሪም አሁንም ያለ ነገር ስለሆነ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። አላፊ ኮከብ ግን ሄዷል፤ ምን ብለን እንይዘዋለን?

---

ሶስና_ኤስ፦

አልረሳኋትም፣ ተራዋን እየጠበቀች ነው 🙂

ሐሳቡ ቆንጆ ነው። የኔ ቅሬታ መረጃው ትንሽ መሆኑ ነው። ወደ አንድ ወገን ተሰብስበዋል ሲባል፣ የተፈለጉትስ የት የት ነው? ቴሌስኮፕ ሰማዩን ሁሉ እኩል አያይም። የፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት በበዙበት በኩል ደብዛዛ ነጥብ መለየት ከባድ ነው። አካላቱ ደግሞ የሚታዩት ለፀሐይ በቀረቡ ጊዜ ብቻ ነው።

ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል እንዳይመስልህ። ሴድና ከ11,400 ዓመት ውስጥ ከ100 ኤዩ በታች የምትሆነው ለ200 ዓመት ያህል ነው። ከሁለት በመቶ ያነሰ ማለት ነው። የፀሐይ ብርሃን ሄዶ ነጥሮ ስለሚመለስ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምቀቷ በ16 እጥፍ ይቀንሳል። ሩቁ ጫፍ ላይ ብትሆን ኖሮ ከዛሬው በ15,000 እጥፍ ትደበዝዝ ነበር፤ ማንም አያገኛትም። እሷን ማግኘታችን ራሱ ያላየናቸው ብዙ መሰሎቿ ጨለማ ውስጥ እንዳሉ ይናገራል።

ሌላው፣ የሴድና ወገን የሚባሉት እስካሁን ጥቂት ናቸው። 2012 ቪፒ113 የምትባለዋ ለፀሐይ ቅርብ ነጥቧ 80 ኤዩ ነው። ሌሌአኩሆኑአ 65። በጁላይ 2025 ይፋ የሆነችው 2023 ኬኪው14 ደግሞ 66። ይቺ የመጨረሻዋ ምህዋሯ ያዘነበለው ከሌሎቹ በተለየ አቅጣጫ ነው፣ ለፕላኔት ዘጠኝ ጥሩ ዜና አይደለም። እንዲያውም አግኚዎቹ ስሌቱን ወደ ኋላ ሲያስኬዱት የአራቱም ምህዋር ከ4.2 ቢሊዮን ዓመት በፊት ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ ታይቷል። ይሄ ደግሞ የጥንት ክስተት ይሸታል።

---

ጥርጥር_አያልቅም፦

አራት አካል ይዞ "ይሸታል" ማለትስ? አንቺም እኮ በትንሽ መረጃ ነው የምትሟገቺው 😏 ለማንኛውም ቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ በጁን 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል። ባለ 8.4 ሜትር መስታወት ነው። የደቡቡን ሰማይ እየደጋገመ ለዓመታት ያነሳል። ዘጠነኛዋ ካለች አንዱ ጥግ ላይ ትያዛለች።

---

ሶስና_ኤስ፦

እዚህ ላይ ተስማምተናል።

---

በረዶ_ወዳድ፦

ስለ ምህዋሩ ብዙ ተባለ። ስለ ራሷ ስለ ሴድናስ ማን ይናገር? እኔ ልናገር።

መጠኗ መጀመሪያ ሲነገር እስከ 1,800 ኪሎ ሜትር ስፋት ሊኖራት ይችላል ተብሎ ነበር። ለምን ተጋነነ? በተራ ብርሃን ስታያት የምታየው ነጥብ ብቻ ነው። ትንሽ ሆና ነጭ የሆነች አካልና ትልቅ ሆና ጥቁር የሆነች አካል እኩል ይደምቃሉ። የሚለያቸው ሙቀት ነው። ጥቁሯ ብርሃኑን ውጣ ትሞቃለች፣ በኢንፍራሬድ ታበራለች። የኸርሼል የጠፈር ቴሌስኮፕ ይህን ሙቀት ለካ። በ2012 የወጣው ውጤት 995 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆነ፣ 80 ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። የሚደርሳትን ብርሃን አንድ ሦስተኛ ያህል ትመልሳለች። በመጠን የሴሬስ እኩያ ናት በሉት። ሴሬስ በማርስና በጁፒተር መካከል ያለችው ድንክ ፕላኔት ናት።

"ሙቀት" ስል አትሳቱ ታዲያ። ገጽታዋ ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ገደማ ነው።

ክብደቷን ማንም አልለካም። አንድን ሩቅ አካል የምትመዝነው በጨረቃው ነው። ጨረቃው በስንት ጊዜ እንደሚዞር አይተህ ስበቱን ታሰላለህ። ሴድና ጨረቃ አልተገኘላትም።

የጨረቃዋ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች ሴድና በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር ከ20 ቀን በላይ ይፈጅባታል የሚል ፍንጭ ሰጡ። ይሄ ለእንዲህ ያለ አካል በጣም ቀርፋፋ ነው። እንዲህ የሚያዘገይ ደግሞ የጨረቃ ጉተታ ነው፤ ፕሉቶን 6 ቀን እንዲፈጅባት ያደረጋት ጨረቃዋ ካሮን እንደሆነች ሁሉ። ስለዚህ ጨረቃ አለ ተብሎ በ2004 የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ወደዚያ ዞረ። ምንም የለም! ሁሉም ግራ ተጋባ። በ2005 በአሪዞናው ኤምኤምቲ ቴሌስኮፕ ድምቀቷ በጥንቃቄ ሲለካ አንዱ ዙሯ 10 ሰዓት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ድምቀቷ ስትዞር የሚለዋወጠው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ነው መጀመሪያ ያሳሳተው። አዘግዪም ጨረቃም ሳያስፈልግ ነገሩ ተቋጨ።

አሁን ደግሞ የኔ ተወዳጅ ክፍል፣ ቅላቷ። ከማርስ ጋር የምትወዳደር ቀይ ናት። ሚቴን ያለበት በረዶ በፀሐይ ጨረርና በኮስሚክ ጨረር ሲመታ ሞለኪውሎቹ ይሰበራሉ፣ ከዚያ ተገጣጥመው ረጃጅም የካርቦን ውህዶች ይሆናሉ። ቶሊን ይባላሉ፤ ቀይ ቡናማ ናቸው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሴድናን ሲያይ ኤቴን በብዛት አገኘ፣ አሲቲሊንና ኤቲሊንም አሉ፣ የውኃ በረዶም አለ። ኤቴን ማለት ከተሰበረ ሚቴን የሚወለድ ነው። ማለትም ፋብሪካው ሥራ ላይ እንዳለ ምርቱ ይመሰክራል።

ለዚህ ደግሞ ምህዋሯ ያግዛታል። ፀሐይ የምትነፋው ነፋስ ፕላኔቶቹን እንደ ጋሻ ከብዙ ኮስሚክ ጨረር ይከልላል። ቮየጀር 1 የተባለው መንኮራኩር ከዚያ ክልል ሲወጣ በ2012 ወደ 121 ኤዩ ላይ ነበር። ሴድና ዛሬ ውስጥ ናት፤ አብዛኛውን ዘመኗን ግን ውጭ ነው የምታሳልፈው። ለሺዎች ዓመታት ያለ ጋሻ ትደበደባለች።

---

ማሂ_ዜድ፦

እሺ አሁን ወደድኳት። ድንክ ፕላኔት ናት ታዲያ?

---

በረዶ_ወዳድ፦

በይፋ አይደለችም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር የሚያውቃቸው አምስት ናቸው፦ ሴሬስ፣ ፕሉቶ፣ ሃውሜያ፣ ማኬማኬና ኤሪስ። ብዙ ተመራማሪዎች ግን በመጠኗ ክብ መሆን አለባት ብለው ከድንኮቹ ጋር ይቆጥሯታል። እኔም እንደዚያው።

---

ጆ_ፍላሽ፦

እዚያ ላይ ብቆም ፀሐይን አያታለሁ ወይስ ጨለማ ነው?

---

የኬፕለር_ልጅ፦

ታያታለህ፣ ያውም ዓይንህን የምትወጋ ነጥብ ሆና። አሁን ባለችበት 84 ኤዩ አካባቢ የፀሐይ ብርሃን ከኛው በ7,000 እጥፍ ይደክማል። ቀላል ነው፣ 84ን በ84 አባዛው። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ትደክማለች። ስለዚህ እዚያ ያለው "ቀን" ከሙሉ ጨረቃ ሃምሳ እጥፍ በላይ ይደምቃል። መጽሐፍ ታነባለህ። ከፀሐይ ወጥቶ እሷ ጋ ለመድረስ ብርሃኑ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል።

ሩቁ ጫፍ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ 940 ኤዩ ላይ ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ሴድናም እዚያ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ነው የምትጓዘው። ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ ብትበልጥ ነው። ለፀሐይ ስትቀርብ ግን 4.6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዘመኗን ሁሉ እዚያ ማዶ የምታሳልፈው ለዚህ ነው፤ ቶሎ አትመለስም።

---

ሰማይ_ጠገብ፦

ሁላችሁም ተባረኩ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር። መንኮራኩር መላክ ይቻላል? 2076 ካመለጠን አለቀልን፣ ቀጣዩ ከ11,000 ዓመት በኋላ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

---

ነቢ_ሌንስ፦

ማጋነን ነው። ቅድም ሶስና ያለችውን አስታውስ፤ ከ100 ኤዩ በታች 200 ዓመት ያህል ትቆያለች። ከ2076 በኋላም ወደ አንድ ምዕተ ዓመት አላት። 2076 በሯ የሚዘጋበት ቀን አይደለም።

ችግሩ ጉዞው ነው። ቮየጀር 2 በኦገስት 1977 ተነስቶ 84 ኤዩ አካባቢ የደረሰው በኦገስት 2007 ነው። 30 ዓመት! በፈጣኑ መንገድ ብትሄድ፣ ጁፒተር ቢወረውርህ እንኳ፣ ከሃያ ዓመት በላይ አስብ። ሲደርስም መቆም አይችልም፤ ያን ያህል ፍጥነት የሚገታ ነዳጅ ተሸክሞ አይሄድም። በጥቂት ሰዓታት ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ኒው ሆራይዘንስ በ2015 ፕሉቶን ያለፈው እንደዚያ ነው፣ እሱም ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጉዞ። እኔ ግን ቢላክ ደስ ይለኛል። ወጣት ሳይንቲስት ሆኖ የጀመረው ሰው ጡረታው ላይ ምስሉን ያያል።

---

ጆ_ፍላሽ፦

እኔስ ከቤት ሆኜ በቴሌስኮፕ አላያትም?

---

ነቢ_ሌንስ፦

በዓይን አይሆንም። ድምቀቷ 21ኛ ደረጃ አካባቢ ነው፤ በራቁት ዓይን ከሚታየው ደካማ ኮከብ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ትደበዝዛለች። በካሜራ ግን ጥሩ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያላቸው አማተሮች ይይዟታል። አሁን በታውረስ ኅብረ ከዋክብት በኩል ናት። ለማንሳት የሚመቸው ኖቬምበር መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ያኔ ከፀሐይ ተቃራኒ ትሆናለች። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ምረጥ፣ ብዙ ፎቶ አንሳና ደራርባቸው። በማግስቱ ያንኑ ቦታ ደግመህ አንሳ። በአንድ ቀን ግማሽ የቅስት ደቂቃ ገደማ ትንቀሳቀሳለች። ሁለቱን ምስሎች እያፈራረቅክ ስታይ ቦታዋን የቀየረችው ነጥብ እሷ ናት። ከዋክብቱ አይንቀሳቀሱም። ሌላ የተንቀሳቀሰ ነገር ካየህ ግን ምናልባት ቅርብ ያለ አስትሮይድ ነው፤ እሱ በጣም ይፈጥናል፣ በአንድ ሌሊት ውስጥ ራሱ ታየዋለህ።